አላይነር በድሬዳዋ፦ ነጩን ነገር ለይቶ ማጠብ

ድሬዳዋ ላይ አላይነር፣ ማለትም ጥርስን ቀስ በቀስ ለማስተካከል ጥርስ ላይ የሚጠለቅና በየጊዜው በሚቀጥለው የሚተካ ጥርት ያለ ፕላስቲክ፣ ለምታደርጉና ልትጀምሩም ላሰባችሁ ነው የምጽፈው። ስለ አያያዙ የምናገኘው ምክር በአብዛኛው ውሃው ማዕድን ያልበዛበት፣ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ አገር ለሚኖር ሰው የተዘጋጀ ነው። «በቧንቧ ውሃ አለቅልቃችሁ አስቀምጡ» ይላል፤ በቃ። የድሬ ውሃ ግን የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ስለሚመጣ ካልሲየም ይበዛበታል። የውሃ ማፍያችን ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ማፍያው ላይ የሚጋገረው ነገር አላይነሩንም አይምረውም። እኔ ይህን ጉዳይ ጊዜ ሰጥቼ ስከታተለው ስለቆየሁ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት፣ አላይነር ላይ የሚታየው ነጭ ሁሉ አንድ አይደለም። የታጠበውን አላይነር አድርቁና መስኮት ጋ ሄዳችሁ ወደ ብርሃን አንሡት። ላዩ ላይ በስሱ የተነዛ፣ የውሃ ጠብታ የደረቀበት ክብ ክብ ምልክት ያለው ጉም መሳይ ነገር ካያችሁ እሱ የውሃው ነው። ጠብታው ሲተን ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። ቀጥሎ ውስጡን ተመልከቱ። በታችኛው አላይነር ከፊት ጥርሶች ኋላ በምላስ በኩል፣ በላይኛው ደግሞ መንጋጋው ላይ በጉንጭ በኩል፣ ጥፍር ሲነካው የሚሻክር ጠጣር ነጠብጣብ ልታገኙ ትችላላችሁ። ይሄኛው የምራቅ ነው። ትልልቆቹ የምራቅ ዕጢዎች ምራቃቸውን የሚያፈሱት እነዚያ ቦታዎች አጠገብ ስለሆነ ምራቅ ውስጥ ያለው ካልሲየምና ፎስፌት እዚያ ላይ ይጠጥራል፤ ጥርስ ላይ ሲሆን ታርታር የምንለው ማለት ነው። ሦስተኛው ነጭ ደግሞ ጭራሽ ቆሻሻ አይደለም፣ ጭረት ነው። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ጥርስ የሚፈትግ ደቃቅ ዱቄት አለ፤ የጥርሱ ጠንካራ የላይ ሽፋን፣ ኢናሜሉ፣ ይችለዋል፣ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ፕላስቲክ ግን አይችለውም። የተጫረ አላይነር ብርሃኑን ያጣል፣ ጭረቱ ውስጥም ባክቴሪያ ይደበቃል።

እነዚህን መለየት ለምን ይጠቅማል? መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ነው። የውሃው ነጭ አሲድ አይችልም። ሱቅ የሚሸጠውን ነጭ አቼቶ፣ አንድ እጁን በሦስት እጅ ቀዝቃዛ ውሃ አቅጥኜ አላይነሩን ለግማሽ ሰዓት ያህል እዘፈዝፈዋለሁ። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ ሲያልፍበት ጉሙ ተጠርጎ ይሄዳል። የምራቁ ነጠብጣብ ገና ትኩስ ከሆነ በዚሁ ይለሰልስና ብሩሽ ያነሣዋል፤ ሳምንታት የሰነበተ ከሆነ ግን ይከርማል። በጥፍር ወይም በመርፌ መፋቅ ፕላስቲኩን መጉዳት ስለሆነ አልሞክረውም። ከአቼቶ በኋላም የቀረ ጉም ካለ እሱ ጭረት ነው፤ ምንም ብትዘፈዝፉት አይለቅም፣ አላይነሩ እስኪቀየር መታገሥ ነው።

አቼቶውን ከተጠቀማችሁ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ደጋግማችሁ አለቅልቁ። የጥርስ ኢናሜል ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ማዕድኑን መልቀቅ ይጀምራል። በተለመደው ጊዜ ምራቅ አሲዱን ያጥበዋል፤ አላይነር ሲደረግ ግን ምራቁ ወደ ጥርሱ እንደልብ አይደርስም። ከሥሩ የቀረ አሲድም ሆነ ስኳር ጥርሱ ላይ ተዘግቶበት ይቆያል ማለት ነው። በረኪና የሚሉ ሰዎችም ሰምቻለሁ፤ እባካችሁ ተዉት። ፕላስቲኩን ያበላሻል፣ አፍ ውስጥ ለሚገባ ነገርም አይሆንም። ከአቼቶ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል።

የዕለቱ እጥበት ቀላል ነው፦ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ቀለምና ሽቶ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና ጠብታ፣ ለአላይነሩ ብቻ የተለየ ለስላሳ ብሩሽ። ጠዋትና ማታ በሳሙና፣ በወለቀ ቁጥር ደግሞ በውሃ። ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ምራቅ ሳይደርቅበት ማጠብ አለባችሁ፤ በእኛ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ትንሽ ከቆየ ይደርቅበታል፣ ከደረቀ በኋላ ማስለቀቁ ሌላ ሥራ ነው። ታጥቦ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ አራግፉትና ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጉበት። የውሃው ነጭ የሚፈጠረው ጠብታው እዚያው ሲደርቅ ስለሆነ፣ ጠብታ ካልቀረ ነጭም የለም። ከሁሉም በላይ ለውጥ ያየሁት በዚህች ነገር ነው። ማስቀመጫውንም አብራችሁ እጠቡ፤ እርጥብ ሆኖ የተዘጋ ማስቀመጫ የታጠበውን አላይነር መልሶ መጥፎ ሽታ ያሲዘዋል።

ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን የሰው ሠራሽ ጥርስ ማጽጃ እንክብል የምትጠቀሙ፣ ፐርሰልፌት የሚባል ነገር ያለበት ካለ አለርጂ ሊያስነሣ እንደሚችል እወቁ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2008 እ.ኤ.አ. አምራቾቹ ይህን ማስጠንቀቂያ እንዲጽፉ ጠይቋል። አላይነሩ ከወጣ በኋላ በደንብ መለቅለቅ ነው፤ ፈሳሹን አፍ ውስጥ አድርጎ መጉመጥመጥ ግን በፍጹም አይገባም።

አሁን ወደ ሙቀቱ። አላይነር የሚሠራው የፕላስቲክ ቅጠሉ በሙቀት ለስልሶ የጥርስ ቅርጽ ላይ ተጭኖ ነው። በሙቀት ቅርጹን ያገኘ ነገር በሙቀት ቅርጹን ያጣል። ትንሽ ቢጣመም ለዓይን አይታይም፤ ጥርሱን የሚገፋበት አቅጣጫ ግን ይዛባል። ሰገነት ላይ ሮቶ ያላችሁ ከሰዓት በኋላ ቧንቧውን ስትከፍቱ የሚወርደውን ውሃ ታውቁታላችሁ፣ አቦ፣ እጅ ያቃጥላል! ለአላይነር ቤት ውስጥ ጥላ ላይ የዋለ የጀሪካን ውሃ ይሻላል። እጅ ላይ ለብ ካለ በላይ ከሆነ አልጠቀምበትም። የቆመ መኪና ውስጥ፣ የባጃጅ መስታወት ሥር ፀሐይ የሚመታው ቦታም እንዲሁ አይቀመጥም።

ምግብ ላይ ያለው ነገር አጭር ነው፦ ከተራ ውሃ በቀር ምንም ሲገባ አላይነሩ ይወጣል። እኛ በእጅ ስለምንበላ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከአልጫ በኋላ ጣት ላይ የሚቀረው እርድ ፕላስቲክ ይወዳል፤ አንዴ ቢጫ ካደረገው ሳሙና አያወጣውም። ስለዚህ እጅ በሳሙና እስኪታጠብ አላይነሩ አይነካም። አላይነሩ እንዲይዝ ሐኪም ጥርስ ላይ የሚለጥፋቸው ትንንሽ ጉብታዎች ካሏችሁ እነሱንም እርድና ቡና ያቀልማቸዋል፣ ብሩሹ ዙሪያቸውን ይዙር። መፋቂያ የምትወዱ ጥርሱን ፋቁበት፤ አላይነሩ ላይ ግን አታሳርፉት። ፈንዲሻ ከበላችሁ ደግሞ ድዱ ሥር የገባች ቅርፊት አለመኖሯን በክር አረጋግጡ፤ አላይነር ከላይ ሲጫናት ድዱ ያብጣል። ሶፍት ላይ ጠቅልሎ ማስቀመጥ የለም። ሶፍት ሲጠራረግ አብሮ ይጣላልና።

ሐኪሞች በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት ይደረግ የሚሉት እዚህ ከተማ ከባድ የሚሆነው በቡናው ነው። በየስኒው እያወለቁ መመለስ አይመችም፣ አጥልቆ መጠጣትማ ሙቀቱንም ቀለሙንም ስኳሩንም አንድ ላይ ማምጣት ነው። እኔ ቡናውን ከምሳ ጋር አስጠግቼዋለሁ፤ አቦል ምሳው እንዳለቀ ይቀርባል፣ በረካ ሲወርድ እታጠብና አጠልቃለሁ። ቤተሰቤም ለምደውታል። በርጫ ላይ የምትቀመጡ ወንድሞቼና እህቶቼ ደግሞ ሰዓቱን በቁም ነገር አስሉት። ጫት አፍ ያደርቃል፣ አብሮት የሚጠጣው ጣፋጭ ነው፣ ቅጠሉም ያቀልማል፤ አላይነሩ መውጣቱ ግድ ነው። ከሰዓት በኋላው በሙሉ ሲወጣ ደግሞ ጥርሱ ወደ ነበረበት መመለስ ይጀምራል፣ ማታ ስታጠልቁትም ይጠብባችኋል። አፋችሁን በውሃ በደንብ አርጥባችሁና ቦርሻችሁ እንጂ በደረቅ አፍ እንዳትመልሱት።

እኔን የሚከታተለኝ ሐኪም አዲስ አበባ ስለሆነ አንድ አላይነር ቢጠፋ ነገ ሄጄ የምተካው አይደለም። ያለፈውን አልጥለውም፤ አጥቤ፣ በጨርቅ አድርቄ ለብቻው አስቀምጣለሁ። የአሁኑ ቢሰበር ወደ እሱ ልመለስ ወይስ ወደሚቀጥለው ልለፍ የሚለውን ግን በስልክ ጠይቄ እንጂ በራሴ አልወስንም።

አሁን ያለሁበት ደረጃ ይህን ይመስላል፦ ቀደም ሲል የመቀየሪያው ቀን ሳይደርስ ይደበዝዝ የነበረው አላይነር ዛሬ እስከ መጨረሻው ጥርት ብሎ ይቆያል፣ አቼቶውም በሳምንት አንዴ ይበቃዋል። የምራቁ ነጠብጣብ በታችኛው አላይነር በምላስ በኩል አሁንም ብቅ ይላል፤ ማታ ብሩሹን እዚያ ቦታ ላይ በተለይ ማቆየት ጀምሬያለሁ። ሐረር ያላችሁ፣ የእናንተ ላይ ነጩ ምን ያህል ቶሎ እንደሚመለስና የቱ ዓይነት እንደሆነ በብርሃን አይታችሁ ብትነግሩኝ በጣም ደስ ይለኛል።