ጠጁ ትኩሳት አለው እንዴ?

ባለፈው ክረምት አንድ ዘመዳችን ከውጭ ሲመጣ ሃይድሮሜትር አመጣልኝ። ከታች ሆዱ ያበጠ፣ ከላይ አንገቱ የቀጠነ የመስታወት ቱቦ ነው። አንገቱ ላይ ቁጥር አለው። እማዬ ገና ስታየው «ምነው፣ ጠጁ ትኩሳት አለው እንዴ?» አለችኝ። ቴርሞሜትር መስሏት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፈሳሽ ውስጥ ይንሳፈፋል፣ በቃ። ፈሳሹ ከከበደ ብዙ አይሰምጥም፤ ከቀለለ ጠለቅ ይላል። ንጹህ ውሃ ውስጥ 1.000 ያሳያል። ስኳር ሲሟሟበት ውሃው ይከብዳልና ቁጥሩ ከፍ ይላል። አልኮል ደግሞ ከውሃ ይቀላል፤ አንድ ሊትሩ 789 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ጠጅ ሲፈላ ቁጥሩ የሚወርደው በሁለት ምክንያት ነው፤ ከባዱ ስኳር ይቀንሳል፣ ቀላሉ አልኮል ይተካዋል።

እማዬ አንድ ሊትር ማር በአራት ሊትር ውሃ ባልዲ ውስጥ በጠበጠች። እኔ ቀደም ብዬ በወረቀት አስልቻለሁ። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ገደማ ነው፣ ውሃው አራት ኪሎ። 5.4 ኪሎ ለአምስት ሊትር ሲካፈል 1.080 ይመጣል። ከላይ በጭልፋ ቀድቼ ለካሁ። 1.040!

ደሜ ፈላ። «ይሄ ነጋዴ ስኳር ቀላቅሎ ሸጠልን!» ብዬ ስልኬን አነሳሁ። እማዬ ምንም አልመለሰችም። እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን እስከ ክርኗ ባልዲው ውስጥ ከተተችና ከሥር የተኛውን ማር አሸት አሸት አደረገችው። «አሁን ለካ» አለች። 1.082።

ስልኩን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት። ደግሞ ቆይቼ ሳስበው ክሴ ከመነሻው ውሃ አይቋጥርም ነበር። መሣሪያው ክብደት እንጂ ዘር አይቆጥርም። ማሩ ውስጥ የስኳር ሽሮፕ ቢኖርበትም ቁጥሩ ያው ነው ማለት ይቻላል። ያንን የሚለየው የእማዬ ምላስ ነው።

ከዚያ ብርዙ በወይራ ወደታጠነው እንስራ ተገለበጠ። በሦስተኛው ቀን ጌሾው ገባ። እርሾ አልጨመርንም፤ ከማሩና ከጌሾው ጋር የሚመጣው ይበቃል። እርሾው 180 ግራም ግሉኮስ ሲበላ 92 ግራም አልኮልና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ከስኳሩ ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው አረፋ ሆኖ ቤቱ ውስጥ ይበተናል ማለት ነው። ያን ሁሉ ብር ከፍለንበት!

አረፋው ለልኬትም ጠላት ነው። መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ወደ ላይ ያነሳውና ቁጥሩን ያጋንነዋል፤ ከማንበብ በፊት ቱቦውን በጣት ሽክርክር ማድረግ ነው። ፈሳሹ ሞቅ ካለ ደግሞ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። የኔው 20 ዲግሪ ላይ የተስተካከለ ነው። የለካሁባትን ጠጅ ወደ እንስራው ልመልስ ስል ግን እማዬ «እንዳትሞክራት!» ትለኛለች። በብርሌ አድርጋ ራሷ ትጠጣታለች።

በ18ኛው ቀን 1.012 አነበብኩ። በማግስቱም ያው።

«እማዬ፣ አልቋል።»

«ገና ነው። ጣፋጩና ጌሾው አልታረቁም።»

ቁጥሩ ቆሟል ብዬ ተከራከርኩ። እሷ ክዳኑን መልሳ ገጠመችው። ነሐሴ ነበር፣ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ለካ እርሾው ቀዝቅዞት እንጂ ሥራውን ጨርሶ አልነበረም። በ26ኛው ቀን 1.006 ሆነ። ከ1.082 ሲቀነስ 0.076፤ ይህን የቁጥር ልዩነት ወደ አልኮል በመቶኛ በሚቀይረው በተለመደው ማባዣ በ131 ሲባዛ 10 በመቶ ገደማ አልኮል።

ቀምሳ «አሁን ደርሷል» አለች። እንቁጣጣሽ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ሃይድሮሜትሩን ከእጄ ተቀብላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። በልኬት ሰበብ ጠጁ ከበዓሉ በፊት እንዳያልቅ።