«መጣ» ብቻውን ይቆማል፣ «ኬም» ግን አይቆምም

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በር ለበር የምንተያይ ጎረቤት ልጅ አለች፣ 9ኛ ክፍል ናት። ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዓረፍተ ነገር መሥራት ካቃታት ሁሉም ነው የሚያቅታት። ባለፈው ማታ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ቢኮዝ ዘ ታክሲ ሌት» የሚለው በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል።

«ጋሼ፣ ምን ጎደለው? ነጥብም አለው እኮ።»

የንግግር ክፍሎችን ጠየቅኳት። ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል እያለች 8ቱንም ሳትተነፍስ ወረደቻቸው። ታዲያ ሸምድዳቸው ምን ጠቀማት?

«ታክሲው ስለዘገየ» አልኳትና ዝም አልኩ።

«እና?» አለችኝ።

ይኸው! በአማርኛ ሲሆን መንጠልጠሉ ወዲያው ተሰማት። እኛ «ስለ»ን ግሱ ላይ እንለጥፋለን፣ እነሱ «ቢኮዝ»ን ፊት ያስቀምጣሉ፤ ሁለቱም ግን ሌላ ሐሳብ ይጠብቃሉ።

ሌላም ጉድለት አለው፣ እሱ ደግሞ ብዙዎቻችንን ይጥለናል። «ዘገየ» ግስ ነው። እዚህ ቦታ ላይ «ሌት» ግን ቅጽል ነው፣ ስለዚህ «ዎዝ» ካልገባ ዓረፍተ ነገሩ ግስ የለውም። «ራበኝ»ም እንደዚያው ነው፤ «ሃንግሪ» ቅጽል ስለሆነ «አይ ኤም ሃንግሪ» እንጂ «አይ ሃንግሪ» አይባልም።

የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በሆዱ ይዞ ነው የሚሄደው። «መጣ» ካልን እሱ መሆኑ ታውቋል፣ አለቀ። «ኬም» ብቻውን ግን ማን እንደመጣ አይናገርም፣ «ሂ ኬም» መባል አለበት። እንግሊዝኛ ለዝናቡ እንኳን ባለቤት ካልሰጠ አይሆንለትም፤ «ዘነበ» ለማለት «ኢት ሬይንድ» ይላል። ባለቤቱ ሳይጠራ የሚሞላው ትእዛዝ ነው።

የቃሉን ዓይነት ደግሞ በሽምደዳ አታገኙትም፣ ቦታውን ማየት ነው። ደረጃው ሥር የተደረደሩትን ጄሪካኖች አሳየኋትና «ዘ ዋተር ኢዝ ኮልድ» አልኳት፤ «ዋተር» እዚህ ስም ነው። «ዋተር ዘ ፍላወርስ» ስላት ግን «አበቦቹን ውሃ አጠጪ» ማለት ነው፣ ያው ቃል ግስ ሆኗል። ለዚህ ነው ቃሉን ከነዓረፍተ ነገሩ አንስታችሁ «እዚህ ምን እየሠራ ነው?» በሉ የምለው።

ከዚያ ደብተሩን ስባ ጻፈች። «አይ ዎዝ ሌት ቢኮዝ ዘ ታክሲ ዎዝ ሌት።»

«ጋሼ፣ ‹ዎዝ ሌት› ሁለቴ አይበዛም?»

«ሁለታችሁም ናችኋ የዘገያችሁት።»