በየላይኑ አምስት ዶላር

ከስልክ ኩባንያዬ መልእክት ደረሰኝ። ስለ ኔትወርክ መስፋፋትና ስለ አገልግሎት ጥራት ብዙ ያወራል። ቁም ነገሩን ከታች ወሽቆታል፤ ከሚቀጥለው ቢል ጀምሮ አንሊሚትድ (ገደብ የሌለው) ፕላናችን በየላይኑ፣ ማለትም በየስልክ ቁጥሩ፣ አምስት ዶላር ጨምሯል። የኩባንያው ስም ይቅር። ብጠራውም የሌሎቹ ደንበኞች «የኛውም ያው ነው» ማለታችሁ አይቀርም።

አምስት ዶላር ምን አላት? እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ ማኪያቶ ብትገዛ ነው። የኔ ጣጣ ግን አምስት ላይን መያዜ ነው። በወር 25፣ በዓመት 300 ዶላር መጣ ማለት ነው።

አሜሪካ የኖረ ሐበሻ ነገሩን ያውቀዋል። አንዱ በስሙ አካውንት ይከፍታል። ዘመዱም፣ ጓደኛውም፣ የድሮ ሩምሜቱም ላይን ያስጨምሩበታል። ላይን በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ዋጋ ይወርዳላ! እኛ ዘንድ ያ ሰው እኔ ነኝ። ቢሉ ከኔ ባንክ ይቆረጣል፤ ሌሎቹ ዜል በሚባለው የገንዘብ መላኪያ ይልኩልኛል። አንዳንዱ በጊዜው፣ አንዳንዱ ትዝ ሲለው። ዕጣ የማይወጣበት እቁብ ሰብሳቢ ሆኜ ቀርቻለሁ።

ስለዚህ ኩባንያው መልእክቱን ለኔ ብቻ ልኮ እጁን ታጠበ። ለአራት ሰው ማርዳቱ የኔ ሥራ ሆነ። በቫይበር ግሩፓችን «ስልክ ጨምሯል» ብዬ ጻፍኩ። የአጎቴ ልጅ ወዲያው መለሰች፦ «አንተ ነህ የጨመርከው እነሱ?» የሳቅ ምልክት አድርጋበታለች። ቢሆንም ቢሉን ፎቶ አንስቼ ላኩላት። በገንዘብ ጉዳይ ቀልድና ቁም ነገር የሚለዩበት መስመር ቀጭን ነው።

ጋሼ ግን መጻፍ አይወዱም፣ ደወሉ። የአባቴ ጓደኛ ናቸው፣ ጡረታ ወጥተዋል። «ልጄ፣ እኔ ከስብከትና ከዜና ሌላ የማየው የለም። ለምኑ ነው የምጨምረው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የጋሼን አጠቃቀም ከፍቼ አየሁት። የአጎቴ ልጅ በአንድ ቅዳሜ የምትጨርሰውን እሳቸው በወርም አይጨርሱትም። ዋጋቸው ግን እኩል ነው። ምን ልበላቸው? «ኧረ ጋሼ፣ እነሱ ማንንም አይጠይቁም» አልኳቸው።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የቆየ ዜና ማገላበጥ ልማዴ ነው። ታሪኩ አዲስ አይደለም ለካ። ኤቲ ኤንድ ቲ የሚባለው ትልቅ የስልክ ኩባንያ አይፎን በወጣ ሰሞን አንሊሚትድ ዳታ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ለአዲስ ደንበኛ መሸጡን ተወ፤ ነባሮቹን ግን በያዛችሁት ቀጥሉ አላቸው። በ2011 ብዙ የሚጠቀሙትን ሰዎች ፍጥነት መቀነስ ጀመረ። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2014 ከሰሰው። ክሱ እንደሚለው፣ በወር ሁለት ጊጋባይት እንኳ የተጠቀመ ሰው መስመሩ ሊንቀራፈፍበት ይችል ነበር። ነገሩ የነካው ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ነው። በ2019 ኩባንያው 60 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማሙ። ሒሳቡን ብትመቱት ለአንድ ሰው 17 ዶላር ገደማ ይደርሰዋል። በመሀሉ ደግሞ፣ በ2016፣ ለዓመታት 30 ዶላር የቆየውን ያንኑ የድሮ ፕላን 35 አደረጉት። አምስት ዶላር! ቁጥሯን ሳይወዷት አይቀሩም።

ሌላው ትልቅ የስልክ ኩባንያ ቲ-ሞባይልም አለ። በ2017 «ደንበኛው ራሱ ካልቀየረ በቀር ዋጋው አይቀየርም» ብሎ ነበር። በ2024 የቆዩ ፕላኖች ላይ ሲጨምር፣ ሰዎች የድሮውን ማብራሪያ ከተቀበረበት አወጡት። እዚያ ላይ የተጻፈው፣ ዋጋ ጨምረንባችሁ ብትለቁ የመጨረሻውን ወር ቢል እኛ እንከፍላለን የሚል ነው። የዋስትናው ልክ ይቺው ናት፤ ሽኝት በሉት።

ጭማሪውን እንኳ እረዳለሁ። ለ5ጂ የሚሆን ሞገድ በ2021 ጨረታ ሲሸጥ ቬራይዘን የሚባለው ኩባንያ ብቻውን ከ45 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቷል። ያ ገንዘብ ከየትም አይመጣም፣ ከኛው ኪስ ነው። ስፕሪንት የሚባለውም በ2020 ከቲ-ሞባይል ጋር ሲዋሃድ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከአራት ወደ ሦስት ወረዱ። ሦስት ሰው የሚሸጥበት ገበያ ላይ ዋጋ ይወርዳል ብሎ የሚጠብቅ የዋህ ነው። የማይገባኝ፣ ዛሬ በሩን ከፍቶ የገባው ሰው አዲስ ስልክ እየተሸለመ፣ ዓመታት ሙሉ ሳያዛንፍ የከፈለው ላይ የሚጨመርበት ምክንያት ነው። ገባኝ እንጂ፣ እንዲያውም በደንብ ነው የገባኝ። እንደማንለቅ ያውቃሉ።

የምከፍልበትን ነገር ደግሞ እዩት። ሬገን ኤርፖርት አካባቢ ሹፌሮች ተሰልፈን ተራ የምንጠብቅበት ቦታ አለ። ሁሉም መኪናው ውስጥ ስልኩ ላይ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ደሴ ያለችውን እናቴን በቪዲዮ እደውላለሁ። ፊቷ ብቅ ይላል፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ከዚያ ቀጥ። አፏ እንደተከፈተ ይቀራል። ድምጿ ብቻ ተቆራርጦ ይመጣል፦ «የኛ ኔትወርክ ነው እኮ ልጄ፣ አትፍረድብን።» እማዬ፣ የኔው ነው! የኔ ፕላን ርካሹ አንሊሚትድ ስለሆነ፣ ታወሩ ሲጨናነቅ ውድ ፕላን የያዙት ይቀድማሉ፣ እኔ ወደ ኋላ እገፋለሁ። ይህ በውሉ ላይ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል። እሷ በየቀኑ ጥቅል እየገዛች ታፍራለች፣ እኔ ዋሽንግተን አጠገብ ቁጭ ብዬ ኔትወርክ የለኝም። እዚያ ሰልፍ ላይ ቪዲዮው ቢቀር ግድ የለም፤ የሥራው አፕ ሲንቀራፈፍ ግን ተራ ያመልጣል።

እንልቀቅ አልኩና ደወልኩ። መልቀቅ እፈልጋለሁ ስትል ወደ ሌላ ክፍል ያዛውሩሃል። እዚያ ያለችው ልጅ ትሕትናዋ ልክ የለውም። «ስንት ዓመት አብረውን ኖረዋል!» አለችኝ። አብሮ መኖሩንስ ኖረናል። ያቀረበችልኝ ከአሁኑ የሚወደድ ፕላንና ነጻ ስልክ ነው። ነጻ ስልክ የምትለዋን ደግሞ አውቃታለሁ። ዋጋው ለ36 ወር ተከፋፍሎ በየወሩ ቢሉ ላይ ይቀነሳል። መሀል ላይ ከለቀቅህ ቅናሹ ይቆማል፣ የቀረው ዕዳ በአንድ ጊዜ ይመጣል። የአጎቴ ልጅ ስልክ እንዲህ ነው የተገዛው። ኮሌጅ ስትገባ ያበረከትንላት ነው፣ አሁን ሁላችንንም አስሮናል።

ጋሼን የሚይዛቸው ነገር የለም። ስልካቸው ዕዳው ያለቀ፣ ጀርባው የተሰነጠቀ ነው። ቤተክርስቲያን ያገኙት ሰው በ25 ዶላር አካባቢ አንሊሚትድ የሚሰጥ ትንሽ ኩባንያ አሳይቷቸዋል። የትልቆቹን ታወር ተከራይተው ከሚሸጡት አንዱ ነው። እሳቸው ቢወጡ ግን ላይኑ አራት ይሆናል። ያኔ የቀረነው የእያንዳንዳችን ዋጋ እንደገና ይጨምራል፣ ያውም ከኩባንያው ጭማሪ ሌላ። ይህን ለሽማግሌ እንዴት አድርጌ ልናገር? «ለኛ ሲሉ ይክፈሉ» ይባላል? የአጎቴ ልጅ «የሳቸውን ጭማሪ እኛ እንካፈል» አለች። ሩምሜቴ የነበረው ልጅ ዝም። እሱ ያለፈውን ወርም አልላከም።

ትናንት ለጋሼ እውነቱን ነገርኳቸው። «ውጡ፣ ይርከስልዎት» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ቁጥሬ አይቀየርም?» ብለው ጠየቁኝ። አይቀየርም። ቅዳሜ ቤታቸው ሄጄ ቁጥራቸውን አዛውርላቸዋለሁ። የኛ ቢል ስንት እንደሚሆን ኩባንያውን ጠይቄ ለግሩፑ እጽፋለሁ። የአጎቴ ልጅ ስልክ ዕዳው የሚያልቀው በመጪው ሚያዝያ ነው። እስከዚያ ከዚሁ ኩባንያ ጋር ነን።