የሐምሌ ገብርኤል ሌሊት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ይህን ልጽፍ ስነሣና ስተው ከሦስት ዓመት በላይ ሆነኝ። አሁንም ስጀምረው ሆዴ ይባባል፤ ወዲያ ወዲህ ብል ታገሡኝ።

ተወልጄ ያደግኩት ቂርቆስ ሰፈር ነው። እዚያ ያደገ ሰው የሕፃኑን ታሪክ ከጡት ጋር ነው የሚጠባው። እናቱ ኢየሉጣ የፈላውን ውኃ አይታ ልቧ ሲከዳት፣ የሦስት ዓመቱ ቂርቆስ አይዞሽ አትፍሪ ብሎ አበረታት፤ መልአኩ ገብርኤልም ውኃውን አበረደላቸው። ልጆቼን መብራት በጠፋ ቁጥር (ጀሞ ኮንዶሚኒየም ለኖረ ሰው ይህ ብርቅ አይደለም) የማስተኛቸው በዚህና እቶን እሳት ውስጥ ተጥለው በዳኑት በሦስቱ ልጆች፣ በሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ ነበር። አባታቸው በኩላሊት እጥበት ሲሰቃይ ኖሮ በ2009 ሲያርፍ፣ ከዚህ ሌላ የማወርሳቸው አልነበረኝም።

እኔ ግን እግዚአብሔርን ተቀይሜው ነበር። ዓመት ሙሉ አላስቀደስኩም። ልጆቹን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አድርሼ፣ እነሱ እስኪወጡ ማዶ ሻይ ቤት ቁጭ እል ነበር። እነሱን እመኑ እያልኩ እኔ አኩርፌ።

በ2014 የመጀመሪያ ልጄ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ሆነ። አባቱ ከታመመ ጀምሮ ሕልሙ ሕክምና ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፈተናው በቴሌግራም ወጣ እየተባለ ከተማው ሁሉ ሲያወራ ስለነበር፣ አንድ ሰው «መልሱን ቀድሜ አመጣለሁ» ሲለኝ አመንኩት። ዕቁቤ ደርሶኝ ነበር። አሥራ አምስት ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ማንም የሚያደርገው ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ለልጄ የነገርኩት ሐምሌ 18 ቀን፣ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ነው። ሹሮው ከምድጃ አልወረደም። ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «እማዬ፣ በዚህ አልፌ ሐኪም ብሆን፣ እንደ አባዬ የታመመ ሰው እኔ ጋ ትልኪያለሽ?» አለኝ።

በጥፊ መታሁት። ካደገ ወዲህ እጄን አንሥቼበት አላውቅም። የሰውዬውን አድራሻ የጻፍኩበትን ብጣሽ ወረቀት ከጠረጴዛው አንሥቶ ወጣ። ስልኩ ቻርጅ ላይ፣ ጃኬቱ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ሁለት ሰዓት ሆነ። ሦስት ሆነ። ዝናቡ የሐምሌ ዝናብ ነው፣ ቆርቆሮውን ሊቀደው ደረሰ። አራት ሰዓት ላይ ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ ወርጄ ዘበኛውን ጠየቅኩ፤ ወደ ታች ሲሄድ ነው ያየው። ጎረቤቴ ድምፄን ሰምታ በሯን ከፈተች። ሙስሊም ናት፣ ለእኔ ግን የእናቴ ልጅ ማለት ናት። ባሏን ቀስቅሳ፣ ትንሿን ልጄን አልጋዋ ላይ አስተኝታ፣ በእሱ ታክሲ ወጣን። እስከ ዛሬ የቤንዚን ብር እንኳ አልተቀበሉኝም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።

ፖሊስ ጣቢያ፦ ወጣት ነው፣ ይመጣል፣ ጠዋት ተመለሺ። የጓደኞቹ ቤት የለም። ሰባት ሰዓት ላይ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ደረስን። ስሙ ያልታወቀ ወጣት መኪና ገጭቶት ገብቷል አሉኝ። ብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ከኮሪደሩ ጫፍ እሱ ጋ እስክደርስ ስንት እርምጃ እንደሆነ አላውቅም፤ እድሜ ልኬን የሄድኩ መሰለኝ። መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው። የልጄ አይደለም።

እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ወዲያው ግን ጉልበቴ ከዳኝ፤ የአንዷ እናት ልጅ እኮ ነው። ስሙን አላውቅ፣ ይትረፍ አይትረፍ አላውቅ። በዚያ ደስታዬ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፤ እናቱን እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስባታለሁ።

ታክሲው ውስጥ አምላክን ጮኼ ተናገርኩት። «ባሌን ወሰድክ፣ ዝም አልኩ። ይኼንን ከነካህብኝ አልታረቅህም!» አልኩት። ጎረቤቴ ከጎኔ ሙስበሃዋን እየቆጠረች ትጸልያለች፤ አልገሠጸችኝም፣ እጄን ብቻ ያዘችኝ። እናቴ በልጅነቴ ያስያዘችኝ ዳዊት ሳልጠራው ከአፌ ወጣ፦ «ከሌሊት ግርማ፥ በቀን ከሚበርር ፍላጻ…» መቀጠል አቃተኝ፤ ያንኑ መላልሼ አልኩት።

ያኔ ነው ከሩቅ የከበሮ ድምፅ የሰማሁት። ጎፋ ገብርኤል ማኅሌት ቆሟል። ለካ ሐምሌ 19 ገብቷል! የቂርቆስና የኢየሉጣ ቀን። በገዛ ቤቴ ስተርከው የኖርኩትን በዓል ረስቼው። ሾፌሩን «እዚህ አውርደኝ» አልኩት።

አሥር ሰዓት ሆኗል። ዝናብ የሸሹ እናቶች ግቢው ውስጥ ካለው መጠለያ ሥር ተደርድረው ተቀምጠዋል። በነሱ መካከል አንድ ረጅም ልጅ ጋቢ ተከናንቦ እንቅልፍ ያዳፋዋል። ከንፈሩ አብጧል።

ስሙን ስጠራው ነቃ። «እማዬ፣ ብሩን አልመለሰልኝም» ነበር ያለኝ። ለካ በዚያ ዝናብ ሳሪስ ድረስ በእግሩ ሄዶ የእናቴን ገንዘብ መልስ ብሎታል። ሰውዬውና ጓደኛው ገፍትረው ቦይ ውስጥ ጣሉት። እኔን ለመጋፈጥ አፍሮ፣ የማኅሌቱን ድምፅ ተከትሎ ገባ።

እግሩ ላይ ወደቅኩ። «እንዳትወድቅብኝ ፈርቼ ነው» አልኩት።

«ብወድቅስ? ሦስቱ ልጆች “ባያድነንም” ብለዋል እኮ። አንቺ ሁሌ እሱን ትዘይዋለሽ።»

እውነቱን ነው። ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ቁጥር 18። እሳቱ ወደ በረደበት ለመድረስ ስቸኩል፣ ልጆቼ እንዳይፈሩ ብዬ፣ ሁልጊዜ እዘለው ነበር። እሱ ሰንበት ትምህርት ቤት አግኝቶታል። አንሥቶ አቀፈኝና «ቂርቆስ እኮ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ እኔ አሥራ ስምንቴ ነው፣ አይዞሽ» ብሎ በዚያ ባበጠ ከንፈር ሳቀ። ከአምስት ዓመት በኋላ የኩርፊያዬ ቋጠሮ የተፈታው እዚያ ነው። በዚያው ቅዳሴ ገባን። ቆየት ብሎ ለንስሐ አባቴ ሁሉን ተናዘዝኩ፤ የዕቁቡን ዕዳ ያለ ብሩ እየከፈልኩ ጨረስኩ።

ፈተናው በጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተሰጠ፣ ስልክ መያዝ ተከለከለ፣ ውጤቱ ጥር ላይ መጣ። ዘጠኝ መቶ ሺህ ገደማ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ልጄ ከነሱ ውስጥ የለም። ጥቂት ነጥብ ጎደለው። ቁጣዬ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩት፤ አልመጣም። ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ገባ፣ አለፈ፣ ዘንድሮ የነርሲንግ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። ሕክምናን ለምኜ ነበር። የተሰጠኝ ሌላ ነው፤ ተመስገን።

አንድ ነገር ግን አልጨረስኩም። ያን ሌሊት ልጄን ጋቢያቸውን ያለበሱት እናት፣ እሱ ተኝቶ ሳለ ወጥተው ሄደዋል። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፣ አንዱ ጫፉ ላይ በሻማ የተቃጠለች ትንሽ ቀዳዳ አለችው። አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ሦስት ሐምሌ ይዤው ሄጄ እዚያው መጠለያ ሥር ተቀምጫለሁ። እማማ፣ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካለ፣ ዘንድሮም በ19 እዚያው ነኝ።