ከጦሳ ጀርባ፣ ከገውዝ በታች

ተወርዋሪ ኮከብ ፎቶ ለማንሳት መጀመሪያ የሞከርኩት በነሐሴ ነበር። ፐርሴይድ የሚባለው ውርጅብኝ የሚበረታው ነሐሴ 6 እና 7 ገደማ ነው፤ ደሴ ግን በዚያ ሰሞን ጉም ለብሳ ትውላለች፣ ታድራለች። ሦስት ሌሊት ደጅ አድሬ አንድ ኮከብ ሳላይ ቀረሁ። ለወሎ ሰማይ የሚሆነው ጀሚኒድ ነው። ታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ፣ ሰማዩ በጠራበት ወቅት ይመጣል። የሚፈልቀው አባቶቻችን ገውዝ ከሚሉት የከዋክብት ስብስብ ይመስላል፤ በእርግጥ ግን ፋኤቶን የተባለ አስትሮይድ፣ ማለትም ፀሐይን የሚዞር አለት፣ የበተነው ብናኝ ነው፣ በሰከንድ 35 ኪሎ ሜትር እየበረረ ከአየራችን ጋር ሲጋጭ የሚነድ።

በ2011 ዓ.ም.፣ ለታኅሣሥ 5 አጥቢያ፣ ከጦሳ ተራራ ጀርባ ወደሚገኘው የአክስቴ ግቢ ሄድኩ። ተራራው የከተማውን መብራት ይጋርዳል። ጨረቃም ከእኩለ ሌሊት በፊት ጠልቃለች።

የያዝኩት አሮጌ ካኖን ካሜራ፣ አብሮት የተሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ሌንስና ባለሦስት እግር መቆሚያ ነው። ሲሪየስ የተባለችውን ደማቅ ኮከብ በስክሪኑ ላይ 10 ጊዜ አጉልቼ፣ የመጨረሻዋ ትንሽ ነጥብ እስክትሆን ሌንሱን በእጄ አዞርኩና ቀለበቱን በፕላስተር አሰርኩት።

የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት በከንቱ አቃጠልኩት። ብዙ ብርሃን ይገባል ብዬ አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር፣ 800 ላይ ትቼ እያንዳንዱን ፎቶ 30 ሰከንድ አነሳሁ። ሁለት ኮከቦች በካሜራው ፊት ሲያልፉ በዓይኔ አየሁ፤ ፎቶው ላይ ግን የሉም! ምክንያቱን ለመረዳት ቁጭ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። ተወርዋሪ ኮከብ በአንድ ቦታ የሚቆየው ለቅጽበት ነው። ጊዜውን ማርዘም የሚያደምቀው ሰማዩን እንጂ እሱን አይደለም። እሱን የሚይዙት የሌንሱ ቀዳዳ ስፋትና አይኤስኦው ናቸው። ስለዚህ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው፣ እስከ 3.5 ከፈትኩ (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ አይኤስኦውን 3200 አደረግሁ፣ ጊዜውን ወደ 15 ሰከንድ አወረድኩ። ገውዝ አጠገብ መስመሩ አጭር ስለሚሆን ካሜራውን ኦሪዮን ወደሚባለው የከዋክብት ስብስብ አዞርኩና ማንሻውን ቆልፌ ያለማቋረጥ እንዲያነሳ ተውኩት።

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ከዋክብቱ ወተት የፈሰሰባቸው መሰሉ። ሌንሱን ጤዛ ሸፍኖታል። ሰባ ያህል ፎቶ ተበላሸ። አክስቴ ለሌሊት ሶላት ተነስታ ሌንሱን በጋቢዬ ጫፍ ስጠርግ አገኘችኝ።

«ምን ሆነብህ፣ ልጄ?»

«ብርዱ መስታወቱን አላበው።»

«አብሽር፣ ይሞቃል» አለችና በትንሽ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ አመጣችልኝ። ጠርሙሱን በካልሲ ከትቼ ሌንሱ ጎን አሰርኩት። እስኪነጋ ጤዛ አልተመለሰም።

ቪዲዮውን በማግስቱ ሌሊት ሞከርኩ። እያንዳንዱ የቪዲዮ ምስል የሚያገኘው ብርሃን ቢበዛ የሰከንድ 1/25 ነው፤ የእኔ ሌንስ ለዚህ ጨለማ ነው። 1.8 ድረስ የሚከፈት ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተውሼ፣ አይኤስኦውን 6400 አድርጌም የያዝኩት ሁለት ደማቆችን ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ የመጀመሪያውን ሌሊት 620 ፎቶዎች በሰከንድ 25 አድርጌ ስቀጥላቸው 25 ሰከንድ ያህል ፊልም ወጣኝ፤ ኦሪዮን ወደ ምዕራብ ሲያዘግም ይታያል።

ከ620ው ዘጠኙ ላይ ተወርዋሪ ኮከብ አለ። ሳተላይት በተከታዩ ፎቶ ላይም መስመሩን ይቀጥላል፤ እነዚህ ግን በአንድ ፎቶ ብቻ ብቅ ብለው ይጠፋሉ። አንደኛዋ ስትጀምር ቀጭን አረንጓዴ ናት፣ መሐል ላይ ወፍራ ትነጣለች፣ ከዚያ ትከስማለች። አክስቴ ጠዋት ቡና እያፈላች በካሜራው ስክሪን ላይ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«ይህችን አጥበህ አምጣልኝ» አለችኝ።