የጠመንጃ ካዝና ስትገዙ ከቁልፉ በፊት ላሜራውን እዩ

አሜሪካ ውስጥ «የጠመንጃ ካዝና» ተብሎ ከሚሸጠው አብዛኛው ጠንከር ያለ የብረት ቁምሳጥን ነው። ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የደህንነት መፈተሻ ድርጅት ለቤት ካዝናዎች የሚሰጠው የአርኤስሲ ምልክት የመጀመሪያ ደረጃ ማለት አንድ ሰው በእጅ መሣሪያ 5 ደቂቃ ታግሎ አልከፈተውም ማለት ብቻ ነው። ስለዚህ በቁጥር ሰሌዳው መብራት አትማረኩ፤ የላሜራውን ውፍረት ጠይቁ። የሚለካው በጌጅ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብረቱ ይወፍራል። 14 ጌጅ 1.9 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ በመጥረቢያ ይበሳል። 12 ጌጅ ወደ 2.7፣ 10 ጌጅ ወደ 3.4 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከ12 የሳሳ ባትገዙ ይሻላል። «24 ጠመንጃ ይይዛል» ሲሏችሁም ግማሹን ያዙ፤ መነጽር የተገጠመለት የሁለት ቦታ ይወስዳል።

«200 ኪሎ ማን ያነሳዋል?» ማለት አያዋጣም። ሌባው ማንሳት አያስፈልገውም፤ በጀርባው ካጋደመው በኋላ በሩን በዲጂኖ ይፈለቅቀዋል። ከታች ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ከወለሉ ጋር በቡሎን እሰሩት፤ እጀታው ያለበትን ወገን ደግሞ ወደ ግድግዳ አስጠጉ፣ ዲጂኖው መወዛወዣ እንዳያገኝ። አንዳንድ ኮንክሪት ውስጥ የተወጠረ ኬብል አለ፣ ቴክሳስ ላይ በተለይ። ሳታስመረምሩ እንዳትበሱት።

ጠመንጃን ግን ከሌባ ይልቅ የሚያበላሸው እርጥበት ነው። እሳት መከላከያ ተብሎ ከውስጥ የሚለበጠው ጂፕሰም ውሃ ያዘለ ነው፤ በቃጠሎ ጊዜ በእንፋሎት መልክ እየለቀቀ ያቀዘቅዛል፣ በሌላው ጊዜ ግን የውስጡን አየር ሊያረጥብ ይችላል። ካዝናው ኮንክሪት ላይ በቀጥታ ከተቀመጠ ከሥር ስለሚዝግ ጎማ አንጥፉለት። የእርጥበት መለኪያ አስገቡና ከ40 እስከ 50 በመቶ መሃል አቆዩት፤ በጣም ከደረቀ የሰደፉ እንጨት ይሰነጠቃል። ማሞቂያ ዘንግ የምትጠቀሙ ከሆነ ቦታው ታች ነው፣ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣልና። እርጥበት የሚመጠው ብርቱካናማ ሲሊካ ጄል ወደ አረንጓዴ ሲቀየር በብረት ትሪ ዘርግታችሁ ምድጃ ውስጥ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ2 ወይም 3 ሰዓት አድርቁት።

ጠመንጃውን ከነስፖንጅ ሳጥኑ፣ ሽጉጡንም ከነቆዳ ማህደሩ አታስገቡ። ሁለቱም እርጥበት ይይዛሉ፤ ዝገቱም የሚጀምረው ቆዳው ከብረቱ ጋር በተጣበቀበት መስመር ላይ ነው። ዘይት ስስ አድርጋችሁ በጨርቅ ቀቡ። ከበዛ፣ አፈሙዙ ወደ ላይ ሲቆም ዘይቱ ወርዶ እንጨቱን ያለሰልሰዋል።

የቁጥር ሰሌዳውን ባለ 9 ቮልት አልካላይን ባትሪ ድንጋይ በየዓመቱ ቀይሩ፤ ርካሹ ቶሎ ይደክማል። ኮዱን ተቀብሎ እጀታው አልዞር ካለ ጉልበት አትጨምሩ። ብዙ ጊዜ አንዱ ሰደፍ በሩን ከውስጥ ገፍቶ መወርወሪያዎቹ ተጨንቀው ነው፤ በሩን በትከሻ ገፋ አድርጋችሁ ኮዱን እንደገና አስገቡ። መቆለፊያው ውስጥ የሚረጭ ዘይት አትንፉበት፣ አቧራ ይሰበስባል። የፋብሪካውን ኮድ የምትቀይሩት በሩ ክፍት ሆኖ ነው፤ መወርወሪያውን አውጥታችሁ አዲሱን 3 ጊዜ ሳትሞክሩ እንዳትዘጉት። መጠባበቂያ ቁልፉም ከካዝናው ውጭ ይቀመጥ፤ ካዝናው ውስጥ የሚቆልፍበት ሰው አይጠፋም።