በአቡነ ዘበሰማያት መካከል የቆምኩባቸው ወራት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ዕድሜዬ ሰባ አንድ ዓመት ነው። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ገዳም ሰፈር፣ አባቴ በጭቃ ሠርቶ ቆርቆሮ ባለበሰውና እኔም በተወለድኩበት ቤት ውስጥ ነው። በ2017 ዓ.ም. ይህ ቤት በሐራጅ ሊሸጥብን ቀን ተቆርጦለት ነበር። በዚያን ጊዜ ለሰማዕቱ ለቅዱስ ጊዮርጊስ «ከዚህ ካወጣኸኝ ያደረግክልኝን ሁሉ ሳልደብቅ እመሰክራለሁ» ብዬ ተስያለሁ። ሳልደብቅ ማለቴ የራሴን ጥፋትም ስለሚጨምር፣ ይህን ለመጻፍ ወራት ፈጅቶብኛል።

ቤቱ ብዙ አሳልፏል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን አባቴ ከዚህ ሌላ ቤት ስላልነበረው ተረፈለት። በ1969 ዓ.ም. ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር ስሄድ እናቴ የሸኘችኝ ከዚሁ በር ላይ ነው፤ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ካራማራ ላይ ድል ሆኖ ጅጅጋ ስትለቀቅ በግራ ጭኔ ፍንጣሪ ይዤ በሕይወት ተርፌያለሁ፤ ፍንጣሪዋ ዛሬም በብርድ ጊዜ ታሳስበኛለች። ሠራዊቱ በ1983 ዓ.ም. ሲበተን የዐሥር አለቃ ማዕረጌንና አንድ ካፖርት ይዤ የተመለስኩትም ወደዚሁ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት በጥበቃ ሥራ ልጆቼን አሳደግሁ። ሌላ ሀብት የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም።

የመጀመሪያው ልጄ ሶማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ ይነግድ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ከአንድ ባንክ 4 ሚሊዮን ብር ሲበደር የቤቱን ካርታ በመያዣነት ሰጠሁለት። የጋራ ቤት በመያዣ የሚሰጠው ባልም ሚስትም ሲስማሙ ብቻ በመሆኑ ባለቤቴም በውሉ ላይ አሻራዋን አደረገች፤ ጣቷን ከቀለሙ ላይ እያነሳች «ለልጄ ነው» ስትል ሰምቻታለሁ። ሁለት ዓመት ያህል ሥራው መልካም ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ግን ብሔራዊ ባንክ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ በመወሰኑ ልጄ በየጊዜው እየታደሰለት የሚሠራበት ብድር ሳይታደስ ቀረ። እርሱ ለጋራዦች በዱቤ የሰጠው ዕቃ ገንዘቡ ሳይመለስ፣ ለሁለት ጅምላ አከፋፋዮች የጻፋቸው ቼኮች ቀናቸው ደረሰ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የዶላር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ምንዛሪ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በዚያ ላይ የሱቁን ዕቃ የሚተካበት አቅም አላገኘም። ከሰረ።

ሕጉ የሚከፈልበት በቂ ገንዘብ በሂሳቡ ውስጥ የሌለውን ቼክ «በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ» ይለዋል፤ በወንጀልም ያስቀጣል። ስንቅ የሚለውን ቃል እኔ የማውቀው በጦር ሜዳ ነው፤ ሰው ያለ ስንቅ ሲላክ ምን እንደሚሆን ስላየሁ፣ ያን ቃል ከጠበቃ አፍ ስሰማ ለልጄ ላዝንለት በተገባኝ ነበር። እኔ ግን ተቆጣሁ። እርሱም እስሩንም እኔንም ፈርቶ በነሐሴ ወር ስልኩን ዘግቶ ከከተማው ጠፋ።

የባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደረሰኝ። ከወለዱና ከቅጣቱ ጋር የተወዘፈው 1 ሚሊዮን 740 ሺህ ብር ነበር። ደብዳቤውን ይዤ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ወደሚሠራ ጠበቃ ሄድኩ። በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ባንክ ማስጠንቀቂያውን ከሰጠ በኋላ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ራሱ በሐራጅ መሸጥ እንደሚችል፣ ሥርዓቱን ካጓደለ ካሣ ከመጠየቅ በቀር ሽያጩን ማስቆም እጅግ አስቸጋሪ እንደሆነ አስረዳኝ። ገንዘብም አልተቀበለኝም። በጥር ወር መጨረሻ የሐራጁ ማስታወቂያ በቆርቆሮ በራችን ላይ ተለጠፈ። ጎረቤቶቼ ላለማየት አንገታቸውን ደፍተው ያልፉ ነበር፤ ሰላምታቸውም አጠረ፤ ከጥላቻ ሳይሆን ከኀፍረት እንደሆነ አውቃለሁ።

በእነዚያ ወራት ሁሉ በየጠዋቱ አራዳ ጊዮርጊስ እሄድ ነበር። ታቦቱ ዓድዋ ዘምቶ የተመለሰ በመሆኑ ወታደር ችግሩን ለማን እንደሚነግር እዚያ ሲቆም አይቸገርም። በስተ ቀኝ ካለው ዛፍ ሥር ቆሜ ውዳሴ ማርያሙን አደርሳለሁ፤ አቡነ ዘበሰማያትን ስጀምር ግን «በደላችንን ይቅር በለን» ካልኩ በኋላ ቀጣዩ አይወጣኝም ነበር። «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ማለት አልቻልኩም። መጀመሪያ ላይ ጉሮሮዬን የያዘኝ ዕንባ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ዐውቄ እየዘለልኳት «አቤቱ ወደ ፈተና አታግባን» ወደሚለው አልፍ ጀመር። እንዲህ እያደረግሁ ሦስት ወር ያህል ጸለይኩ። የልጄን የምረቃ ፎቶግራፍም ከግድግዳው አንሥቼ ከአልጋ ሥር አስገብቼው ነበር፤ ባለቤቴ ይህን አይታ አንድም ቃል አልተናገረችኝም።

ይህን ለንስሐ አባቴ የነገርኳቸው በጥር ወር ማብቂያ ላይ ነው። እርሳቸውም ብዙ አልተናገሩም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ እልፍ መክሊት የተተወለት ባሪያ መቶ ዲናር ያበደረውን ባልንጀራውን አንቆ እንደያዘው አስታወሱኝና፣ ለአርባ ቀን የዘለልኳትን ቃል ብቻ እንድጸልያት አዘዙኝ። ሌላ ምንም እንዳልለምን፣ ስለ ቤቱም እንዳላነሣ ጭምር። ይህ ትእዛዝ ከበደኝ። በር ላይ ሐራጅ ተለጥፎ ስለ ቤት አትጸልይ መባል ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ሆኖም ወታደር ነኝና ታዘዝኩ።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ይመስለኛል፣ ቤት ገብቼ ባለቤቴን «ልጁ የት ነው ያለው?» አልኳት። ደንግጣ አየችኝ፤ ቀጥላም ከጎረቤት ስልክ እየደወለች በየሳምንቱ ስታነጋግረው እንደከረመች፣ አዳማ አንድ ጋራዥ ውስጥ በቀን ሠራተኝነት እንደሚሠራ ነገረችኝ። ከዚያው ስልክ አስደወልኳት። «አባዬ» ብሎ ዝም አለ። እኔም ያሰብኩት ንግግር ሁሉ ጠፍቶብኝ «ቤቱን ተወው፤ አንተ ና» አልኩት። በቅበላው ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን ማታ መጣ። እናቱ ዶሮ ሠርታ ነበር። እግሬ ላይ ሲወድቅ ጫማው በዘይት እንደጠቆረ፣ ጣቱም በመፍቻ እንደተላጠ አየሁ። ያን ሌሊት አቡነ ዘበሰማያትን ሦስታችንም አብረን ሳናቋርጥ አደረስን።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤቴን ስለምነው መጀመሪያ የመለሰልኝ ልጄን ነው። ቤቱ ቢሸጥ እንኳ ይህን ምስክርነት እጽፍ ነበር።

በዚያው ሌሊት ልጄ ለማንም ያልነገረውን ነገር ነገረኝ። ከመጥፋቱ በፊት በ2 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር የገዛው የሞተር መለዋወጫ በአንድ መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል፤ የመጋዘኑ ባለቤት ግን የዘጠኝ ወር ኪራይ፣ 270 ሺህ ብር ስላልተከፈለው በላዩ ላይ ቆልፎበታል። ልጄ ዕቃው ለኪራዩ ተወስዶ ያለቀ መስሎት ነበር። ሁላችንም ያላሰብነው ነገር፣ ንግዱን ያፈረሰው የዶላር መወደድ በመጋዘን ውስጥ የተቆለፈውን ዕቃ ዋጋ እጥፍ ሊያደርገው መቅረቡን ነው።

የመጀመሪያው ሐራጅ የካቲት 20 ቀን ሐሙስ ነበር። ባለቤቴ አትሂድ ብትለኝም ሄጄ በባንኩ አዳራሽ ከኋለኛው ወንበር ተቀመጥኩ። ከፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ባዶ ሳጥን፣ አንድ መዝገብና የውኃ ጠርሙስ ነበሩ። ሦስት ሰዎች ገቡ፤ አንደኛው የቤቴን ፎቶግራፍ በስልኩ ለሌላው ሲያሳየው ከትከሻው በላይ አየሁት፤ አባቴ የተከላት የወይራ ዛፍ በፎቶግራፉ ጠርዝ ላይ በግማሽ ወጥታለች። ሰዓቱ ሲደርስ ጸሐፊው ሲፒኦ፣ ማለትም በባንክ የተረጋገጠ የጨረታ ማስያዣ ያስያዘ ካለ እንዲያቀርብ ጠየቀ። ማንም አልተነሣም። ሁለተኛ ጠየቀ። ከሦስቱ አንዱ ጨረታውን ለማየት ብቻ እንደመጣ ተናግሮ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ጸሐፊው መዝገቡን ዘግቶ ሁለተኛው ሐራጅ መጋቢት 25 ቀን እንደሚሆን ነገረኝ፤ «አባቴ፣ እስከዚያ የምትችሉትን አድርጉ» ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። በፒያሳና በካዛንቺስ ብዙ ቤቶች ፈርሰው ስለነበር ሰው በመሐል ከተማ አሮጌ ቤት ለመግዛት ፈርቶ ነው የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያን ባዶ ሳጥን ሳስታውስ የማመሰግነው ፍርሃትን አይደለም።

ከስድስት ቀን በኋላ የካቲት 26 ነበር። በየዓመቱ በዚያ ቀን የካራማራ ዘማቾች ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ባለው የትግላችን ሐውልት ሥር እንሰበሰባለን። አበባው ከተቀመጠ በኋላ ጉዳዬን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እርሱ ግን የመቶ አለቃችን የነበሩትን ሽማግሌ ጠርቶ ነገራቸው። እርሳቸውም ደብተር አውጥተው እንደ ጥንቱ ስም ጥሪ ጀመሩ። ስሙ የተጠራ ሁሉ «አቤት» ይልና የሚሰጠውን ይናገራል። «አቤት፣ አምስት መቶ።» «አቤት፣ ሁለት ሺህ።» ጡረታ የሌላቸው እንዳሉ ስለማውቅ አቁሙ ብዬ ለመንኩ፤ የመቶ አለቃው «ዐሥር አለቃ፣ በሰልፍ መካከል አይወራም» አሉኝ። 58 ሺህ 500 ብር ሆነ። የባለቤቴ እቁብ ዳኛ ተራዋን አስቀድመው 120 ሺህ ብር ሰጧት፤ እድራችን 60 ሺህ አበደረን። የመጋዘኑ ባለቤት የጎደለውን ይቅር ብሎ ቁልፉን ሰጠን።

ቀጥሎ የቼኩ ባለ ገንዘቦች ነበሩ። ሽማግሌ ላክን። ከሁለቱ አንደኛው የመርካቶ ነጋዴ ሐጂ ናቸው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾማችንና ረመዳን አንድ ላይ ገጥመው ስለነበር፣ በሱቃቸው ውስጥ እነርሱም እኛም ሳንቀምስ እስከ ምሽት ተነጋገርን። መግሪብ ሲደርስ ሐጂ ቴምሩን አንሥተው «እኔ በልጅዎ እስር ምን አተርፋለሁ?» አሉና በገንዘቡ ፈንታ ዕቃውን በወቅቱ ዋጋ ለመቀበል ተስማሙ። ሁለተኛው ነጋዴ ከምታለቅሰው ከልጄ እናት ጋር አራት ቀን ሲከራከር ቆይቶ ተስማማ። 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር የሚያወጣ ዕቃ ተረክበው ለፖሊስ ሊያቀርቧቸው የተዘጋጁትን ቼኮች መለሱልን። የቀረው ዕቃ በ1 ሚሊዮን 900 ሺህ ብር ተሸጠ። ልጄ ገንዘቡን ራሱ ወስዶ ውዝፉን ሙሉ በሙሉ ከፈለ፤ እኔ ከበሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት።

ሁለተኛው ሐራጅ መሰረዙንና የቀሪው ብድር አከፋፈል መራዘሙን የሚገልጸው ደብዳቤ የተጻፈው መጋቢት 23 ቀን ነው። ቀኑን ያነበበልኝ ልጄ ነው፤ እኔ መነጽሬን ይዤ ብሄድም በዕንባ አላየሁትም ነበር። የወሩ 23 የጊዮርጊስ ቀን መሆኑን ለክርስቲያን መንገር አያስፈልግም። ሚያዝያ 23 ቀን፣ በዓመታዊ በዓሉ፣ የተሳልኩትን ጧፍና ጃንጥላ ይዘን ሄድን። ጃንጥላውን የተሸከመው ልጄ ነው።

ካርታው አሁንም በባንኩ ካዝና ነው። ልጄ በዚያው በሐጂ ሱቅ ተቀጥሮ ከደመወዙ በየወሩ ይከፍላል፤ ታናሽ እህቱም የምትችለውን ትጨምራለች፤ የእድሩን ብድር መስከረም ላይ ጨርሰናል። የሐራጁን ማስታወቂያ ግን ከበሩ ላይ ለማንሣት ብዙ ጊዜ እጄ እንቢ ብሎኝ ነበር። ከትንሣኤ በፊት ባለው ቅዳሜ ልጄ በባልዲ ሙቅ ውኃ ይዞ ወጣና በጨርቅ እያራሰ ፋቀው። ሙጫው ጠንካራ ስለነበር ከላይ በግራ በኩል የመዝገቡ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ አልነቀልም አለች። እንዲተዋት ነገርኩት።